ስለ ጭብጨባና ስለ ፍርድ

ሰው ብቻውን ሆኖ የሚፈርደው ፍርድና ከብዙ ሰው ጋራ ቆሞ የሚፈርደው ፍርድ አንድ አይደለም። ብቻውን ሲሆን ጆሮው ይሰማል፣ ልቡ ይመዝናል፣ ከዚያ በኋላ አፉ ይናገራል። በሕዝብ መካከል ሲቆም ግን ተራው ይገለበጣል፤ አስቀድሞ እጁ ያጨበጭባል፣ ቀጥሎ አፉ ይጮኻል፣ ልቡም በመጨረሻ ደርሶ እጁና አፉ ያደረጉትን ያጸድቃል። ይህ ነገር በሸንጎም፣ በገበያም፣ በትምህርት ቤትም የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ እንደ መስተዋት አጥርቶ የሚያሳየንን ስፍራ የፈለግን እንደ ሆነ፣ ሁለት ወጣቶች በቃል ብቻ የሚዋጉበትን፣ የሕዝቡም ጩኸት ዳኛ የሚሆንበትን የራፕ ግጥሚያ ብንመለከት ይበቃናል።

ከወጣቶች መካከል ይህን ጨዋታ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ከሽማግሌዎችም መካከል ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አይታጡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታውን ማመስገንም መንቀፍም አይደለም። የምንጠይቀው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፤ የብዙ ሰው ጩኸት አንዱን አሸናፊ ሌላውን ተሸናፊ ሲያደርግ የፈረደው ምኑን ነው? ይህስ ፍርድ እስከ ምን ድረስ ሊታመን ይገባዋል? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የጨዋታውን ጠባይ እንወቅ። ራፕ የተወለደው በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል ነው። ብዙዎች መነሻ አድርገው የሚቈጥሩት፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ ከእኅቱ ጋራ በኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና በቤት ቍጥር 1520 ያደረገውን የጭፈራ ግብዣ ነው። በቃል መጋጠም ግን ከራፕ በፊትም የነበረ ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ ደዝንስ የሚባል የመሰዳደብ ጨዋታ ነበረ፤ ጆን ዶላርድ የተባለ ምሁርም በ1939 ስለ እርሱ ጽፏል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በተራ ይሰዳደባሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው እየሳቀ ያራግባል፤ ተቈጥቶ እጁን ያነሣው ሰው እንደ ተሸነፈ ይቈጠራል። እንግዲህ ተመልካቹ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታው ሦስተኛ ተጫዋች ነበረ ማለት ነው።

ፍሪስታይል የሚባለው ግጥሚያ ደንቡ ቀላል ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ማን እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ በሳንቲም ዕጣ ይወሰናል። ዲጄው ምቱን ይለቃል፤ እያንዳንዱም ለሠላሳ፣ ለአርባ አምስት ወይም ለስድሳ ሰኮንድ ያህል፣ አስቀድሞ ያልጻፈውን ቃል ቤት እያስመታ ባላጋራውን ይነቅፋል። ዳኞች በሌሉበት ስፍራ፣ በመጨረሻ መድረክ መሪው በአንደኛው ራስ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። በሁለተኛውም ራስ ላይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ጩኸት የበዛለት አሸነፈ ተብሎ ይወርዳል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ምቱ በደቂቃ ዘጠና ጊዜ የሚመታ ቢሆንና አራቱን ምት እንደ አንድ ስንኝ ብንቈጥረው፣ አንዱ ስንኝ ሦስት ሰኮንድ አይሞላም፤ በአርባ አምስት ሰኮንድ ውስጥ የሚገባውም ዐሥራ ሰባት ስንኝ ያህል ብቻ ነው። ልምድ ያለው ተጋጣሚ የሚወጋበትን የመጨረሻ ቃል አስቀድሞ በልቡ ይይዝና፣ ፊተኛውን ስንኝ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አፉ ሌላ ስንኝ እየተናገረ ሳለ ነው። እንግዲህ አንዲት ሰኮንድ ለእርሱ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች አስቡ።

የሕዝቡ ጩኸት በዚህ ጊዜ ሦስት ስጦታ ይሰጠዋል። አንደኛው ስጦታ ጊዜ ነው። አዳራሹ አምስት ሰኮንድ ያህል ቢጮኽ ሁለት ስንኝ የሚያህል ዕረፍት ያገኛል፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የሚቀጥለውንም ያስባል። ሁለተኛው ስጦታ መሸፈኛ ነው። በጩኸቱ መካከል የተናገረው ደካማ ስንኝ አይሰማም፤ ሰውም ያልሰማውን ነገር ጥሩ እንደ ነበረ አድርጎ ይገምተዋል። ሦስተኛውና ትልቁ ስጦታ እምነት ነው። አንድ ጊዜ ከልቡ የሳቀ አዳራሽ ለሚቀጥለው ቃል ግማሹን ሳቅ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ከዚህም በኋላ መካከለኛው ቃል እንደ ታላቅ ቃል ይቈጠራል። እነዚህ ሦስት ስጦታዎች ተደምረው የሚፈጥሩትን ኃይል ግለት ብለን እንጥራው።

ለባላጋራው የሚደርሰው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚናገረው ለጸጥታ ነው። ጸጥታም ጊዜ አይሰጥም፣ ስሕተትን አይሸፍንም፣ እምነትንም ይነሣል። ስለዚህ ሰውዬው ድምፁን ያለ ልክ ከፍ ያደርጋል፤ ይቸኵላል፤ ከምቱም ይወጣል። ተመልካቹ ይህን አይቶ «አያችሁት! ደካማ ነው» ይላል። ነገር ግን ድካሙን ከፊል የፈጠረው ራሱ ተመልካቹ ነው። ሕዝቡ ለአንዱ ግለት ይሰጣል፣ ለሌላው ይነሣል፤ ከዚያም ራሱ የሰጠውንና የነሣውን ማስረጃ አድርጎ ይፈርዳል። የዚህ ፍርድ ትልቁ ጕድለት እዚህ ላይ ነው።

ሰው ይህን ያህል በጎረቤቱ ይመራል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር፣ በሳይንስ የተመረመረ ነገር ነው። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1951 ባሳተመው ምርምር ለተማሪዎች መስመሮችን እያሳየ ርዝመታቸውን እንዲያመዛዝኑ ጠየቀ። ጥያቄው ሕፃን የማይስተው ነበር። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር በክፍሉ የተቀመጡት ሁሉ አስቀድመው ተመካክረው ሐሰተኛውን መልስ በአንድ ቃል ይመልሱ ነበር። ያ ምስጢሩን ያላወቀው ተማሪ ዓይኑ ያየውን ትቶ ከእነርሱ ጋራ የተስማማበት ጊዜ ከሦስቱ አንድ ያህል ሆነ፤ ከተመረመሩትም ተማሪዎች ሦስት አራተኛው ክፍል ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተስማምተው ተገኙ። ዓይን የሚያየውን መስመር እንዲህ ከካዱት፣ በጭለማ አዳራሽ ውስጥ ሮጦ የሚያልፈውን ቃልማ እንዴት አይክዱት?

ሁለተኛው ምርምር ወደ ጕዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት አቅርበው ከ14,000 በላይ ሰዎች እንዲሰሙ አደረጉ። ከፊሎቹ ብቻቸውን ሰምተው መረጡ። ሌሎቹ ግን በስምንት ቡድን ተከፍለው፣ ከእነርሱ በፊት የሰሙት የቡድናቸው ሰዎች የትኛውን ዘፈን ምን ያህል እንደ ወሰዱ እያዩ መረጡ። የሌላውን ምርጫ ያዩት ዘንድ፣ የተወደደው እጅግ ተወደደ፣ የተናቀውም እጅግ ተናቀ፤ በአንዱ ቡድን ከፍ ያለው ዘፈንም በሌላው ቡድን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሆኖም እጅግ ጥሩ የሆኑት ብዙ ጊዜ አልወደቁም፤ እጅግ መጥፎ የሆኑትም ብዙ ጊዜ አልተነሡም። ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝብ ጭራሽ ዕውር እንዳልሆነ ነው። ብሩህን ከጨለማ ይለያል፤ በመካከል ያሉትን ግን ነፋስ እንደ መራው ያነሣል፣ ይጥላል። ከእኛም አብዛኞቻችን የምንገኘው በዚያው በመካከሉ ስፍራ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ይህ ጥበብ ለተሰበሰበው ሰው የሚደረግ ነው፤ የጥበቡም ግብ አዳራሹን ማንቀሳቀስ ነው። እንግዲህ አዳራሹን ያንቀሳቀሰው ካላሸነፈ ማን ሊያሸንፍ ነው? በጸጥታ ክፍል ተቀምጦ ስንኝ የሚቈጥር ዳኛ የጨዋታውን ነፍስ ከወዴት ያገኛታል?» የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት አለው። አባቶቻችንም «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ፣ ነገር በአቀራረቡ ኃይል እንደሚያገኝ መመስከራቸው ነው። ሕዝቡ «ይህ ሰው አንቀሳቀሰኝ» ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ ስለ ሆነ ምስክርነቱ የታመነ ነው። ምስክር ግን ያየውን ይናገራል እንጂ ፍርዱን አይሰጥም። «አንቀሳቀሰኝ» ከሚለው ቃል «እርሱ ይበልጣል» ወደሚለው ቃል ለመሻገር፣ ያንቀሳቀሰኝ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቃሉ ነው? የጎረቤቴ ትከሻ ነው? ወይስ ከእርሱ በፊት የነበረው ግለት ነው?

ስሜትንና ማስተዋልን አንድ ላይ ማስኬድ እንደሚቻል በአገራችን የቅኔ ሥርዓት ምሳሌ አለን። ባለ ቅኔው ቅኔውን ሲያወርድ የሰሙት ሊቃውንት «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ይህም ጩኸት ነው፤ ይህም አድራጊውን ያበረታታል። ነገር ግን ይበል ለማለት ሰሙን አልፎ ወርቁን ማግኘት ያሻል፤ ሳይገባው ከሰው ጋራ ይበል ያለ ሰው፣ ምሥጢሩን ንገረን ቢባል ያፍራል። ስለዚህ ይበል የሚለው ቃል ባለ ቅኔውን ከማመስገኑ ጋራ ሰሚውንም ይመረምረዋል።

የራፕ ተመልካችም በዚህ መንገድ ሊማር እንደሚችል ታሪኩ ራሱ ያሳያል። በዲሴምበር 1981 በኒው ዮርክ፣ በሃርለም ሰፈር፣ ሃርለም ወርልድ በሚባለው ጭፈራ ቤት ቢዚ ቢ የተባለው ዝነኛ ወጣት መድረኩን ይዞ ነበር። የእርሱ ጥበብ ሕዝቡን እያስጮኸ መቀባበል ነበረ፤ እርሱ አንድ ቃል ይጥላል፣ አዳራሹ ይመልሳል። ከእርሱ በኋላ ኩል ሞ ዲ ወጣና በስሙ እየጠራ፣ አሠራሩን እየነቀፈ፣ በተሰካካ ቃልና በረዘመ ሐሳብ አጠቃው። ያው ለቢዚ ቢ ሲጮኽ የነበረው ሕዝብ ለሁለተኛው ጮኸ። ድምፁ በካሴት ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከዚያም ወዲህ በዚህ ጥበብ ውስጥ የቃል ብልሃት ከማስጮኽ ብልሃት በላይ እየተከበረ ሄደ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናያለን። ሕዝብ የተሻለ ነገር ሲቀርብለት ጆሮው ይከፈታል። ደግሞም ካሴቱን በቤቱ የሚያደምጥ ሰው፣ ምንም እንኳ የአዳራሹ ጩኸት በካሴቱ ላይ ቢኖር፣ መልሶ መላልሶ መስማት ይችላልና ከጩኸቱ በታች ያለውን ቃል ያገኘዋል።

ሕዝብ የሚስቀው በምንድን ነው? ይህም ሊጠየቅ የሚገባው ነው፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚያስቀው የሰው ነውር ነውና። በ2002 የወጣው «ኤይት ማይል» የተባለው የከርቲስ ሃንሰን ፊልም ልብ ወለድ ቢሆንም ይህን በደንብ ያሳያል። በመጀመሪያው ግጥሚያ ራቢት የተባለው ድኻ ወጣት በሕዝቡ ማንቋሸሽ ፊት አንዲት ቃል ሳይናገር አፉ ተሳስሮ ይወርዳል። በመጨረሻው ግጥሚያ ግን ድኽነቱንና ውርደቱን ሁሉ ራሱ አስቀድሞ ይዘረዝረዋል፤ ለባላጋራው የሚናገረው አላስቀረለትም፤ ባላጋራውም ዝም ብሎ ቀረ። የብልሃቱ ታላቅነት አይካድም፤ ነውሩን በገዛ አፉ የተናገረን ሰው በነውሩ ማሸማቀቅ አይቻልምና። ዳሩ ግን ባላጋራው የተሣቀበት በምን እንደ ሆነ እናስተውል። ጥሩ ትምህርት ቤት በመማሩና አባትና እናቱ ተስማምተው በመኖራቸው ነው። ይህ ነውር ነው ወይ? በሌላ አዳራሽ ምስጋና የሚሆነው ነገር በዚያች ሌሊት ውርደት ሆነ። ስድቡን ስድብ ያደረገው አዳራሹ ነበረ።

እንደዚሁም ወላጆቹ ከሆንግ ኮንግ የመጡት፣ በማያሚ የተወለደው ጂን የተባለው ወጣት በ2002 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በየዓርቡ በሚደረገው ግጥሚያ ሰባት ሳምንት በተከታታይ አሸንፏል። በቻይናዊነቱ ሲቀልዱበት ዘሩን ሳይደብቅ በኩራት አንሥቶ መልሶ መታበት። በዘሩ ለመሳቅ የተዘጋጀው ሰው ሁሉ ለእርሱ ጮኸ። የእርሱ ክብር ታላቅ ነው፤ ለተመልካቹ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መልስ የሌለው ሌላ ልጅ በዚያ ስፍራ ቆሞ ቢሆንስ ኖሮ ያ ሳቅ ምን ይባል ነበር?

ግለት ሳይገኝ ሲቀር ሰዎች በገንዘብና በወዳጅነት ያዘጋጁታል። የሮማው ንጉሥ ኔሮን ሲዘፍን የሚያጨበጭቡለት ከ5,000 የሚበልጡ ወጣቶች እንደ ነበሩት፣ እነርሱም ልዩ ልዩ የጭብጨባ ዓይነት ይማሩ እንደ ነበረ ሱዌቶኒዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። ዛሬ ሠላሳ ወዳጆቹን ይዞ ወደ ግጥሚያ የሚመጣ ወጣት ከኔሮን ጋራ ባይተካከልም፣ የሚፈልገው ነገር ግን ከዚያ ዘር ነው። ግርግር ለሌባ ያመቻል እንዲሉ፣ ጩኸት በበዛበት ስፍራ ዋጋ የሌለው ነገር በቀላሉ ያልፋል።

ይህን ለማረም ዳኞችን የሚያስቀምጡ አሉ። በ2005 በፖርቶ ሪኮ የመጀመሪያውን ታላቅ ግጥሚያ ያደረገው የስፓኝኛ ተናጋሪዎች የፍሪስታይል ውድድር በዳኞች የሚፈረድ ነው፤ ዳኞቹ መለየት ሲያቅታቸውም ተጋጣሚዎቹ ሬፕሊካ የሚባል ተጨማሪ ዙር ይጋጠማሉ። ዳኛም ግን ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ሬፕሊካ እያለ ሲጮኽ ልቡ አይናወጥም ማለት አይቻልም። ፕላቶን ስለ ሕግ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ የመድረክ ዳኛ የተቀመጠው የተመልካቹ መምህር ሆኖ ነው እንጂ ደቀ መዝሙሩ ሆኖ አይደለም፤ ከጩኸቱ የተነሣ ፍርዱን የለወጠ ዳኛም ፈሪ ነው ሲል አስተምሯል። የዳኛው ዕውቀት ያለ ድፍረት ምንም አይረባም።

አሁን ለሚጋጠመው ወጣት አንድ ቃል እንናገር። ጭብጨባ ብድር ነው፤ ያበደረህ ሕዝብ በሚቀጥለው ስንኝ ሊያስመልስህ ይችላል። ስለዚህ ስታገኘው ሥራበት፣ ርስትህ ግን አይምሰልህ። ስታጣውም አትጥፋ። ኤሚኔም የተባለው ዝነኛ ራፐር በ1997 በሲንሲናቲ ከተማ ስክሪብል ጃም በተባለው ውድድር ጁስ በተባለ የቺካጎ ልጅ ተሸንፏል፤ በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ በተደረገው ሌላ ውድድርም ሁለተኛ ሆኖ ቀርቷል። በ1999 ግን ስሙ በዓለም ተሰማ። ያሸነፉት ሰዎች አላሸነፉም አንልም፤ በእነዚያ ሌሊቶች የበለጡት እነርሱ ነበሩ። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ድምፅ የአንድ ሌሊት ድምፅ ነው፤ የሰውን ሙሉ ዋጋ ለመናገር ሥልጣን የለውም።

ይህ ሁሉ በመድረክ ላይ ቢቀር ጕዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር፤ በጨዋታ የተሸነፈ ሰው በማግሥቱ ይነሣልና። የሚያስፈራው፣ በአዳራሽ የተለማመድነውን ጠባይ ይዘን ወደ ሌላ ስፍራ መሄዳችን ነው። ሁለት ሰዎች በእውነተኛ ነገር ሲከራከሩ፣ ማን እውነት ተናገረ ማለትን ትተን ማን አስጮኸ የምንል ከሆነ፤ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲሰናከል፣ የመጀመሪያው ሳቅ ከየት እንደ መጣ ሳንመረምር የምንስቅ ከሆነ፤ ሰው በአደባባይ ሲከሰስ፣ ክሱን ሳንሰማ የከሳሾቹን ብዛት ብቻ የምንቈጥር ከሆነ፤ ያን ጊዜ የምንጥለው ሰው በማግሥቱ ላይነሣ ይችላል። እዚያ ሁለተኛ ዙር የለም፤ ሬፕሊካም የለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከሕዝብ ጋራ መደሰትን ማንም አይከለክላችሁም። የሚገባውን ስታገኙ ከልባችሁ ጩኹ፤ ጥሩ ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ሰውም ዕዳ አለበት። ነገር ግን ከመጮኻችሁ በፊት አንድ ስንኝ የሚያህል ጊዜ ጠብቁ፤ ሦስት ሰኮንድ አይሞላም። ከጮኻችሁ በኋላም «የተናገረውን መልሼ ልናገረው እችላለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መመለስ ካልቻላችሁ የጮኻችሁት ለጎረቤታችሁ ጩኸት ነው። ደግሞ በጸጥታ ውስጥ የሚሰናከለው ተጋጣሚ አንድ ጥሩ ቃል ሲናገር ብትሰሙ፣ ብቻችሁን ብትሆኑም አጨብጭቡለት። የሰሎሞን አሽ ምርምር ይህንንም አሳይቷል፤ በክፍሉ ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲጨመር፣ በሐሰት የመስማማቱ ነገር ወደ ሩብ ያህል ወርዷል። ብዙዎች እውነቱን ያውቁ ነበር፤ የሚጠብቁት አስቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው ነበር።